አማቴ ያጠፉት ቦይለር

አሰብ ስንገባ በተሰጠን የመንግሥት ቤት ውስጥ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ባኞ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ነጭ ቦይለር ላይ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ጣሊያኖች ትተውት የሄዱት ነው። ሆዱ እንደ ጋን ነው፤ ከሥሩ ሁለት ቱቦ ይወጣለታል፤ በጎኑ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። ባለቤቴ ማብሪያውን ሲጫነው መብራቷ በራች። ሁለታችንም ቆመን አየናት።

ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው። እኛ አገር በጥቅምት ማለዳ የእንስራው አፍ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል፤ ፊቱን የሚታጠብ ሰው በጣሳ ሰብሮት ነው የሚቀዳው። ሙቅ ውኃ የሕመምተኛና የአራስ ነበር። ኩበት ለቅሞ፣ ድስት ጥዶ፣ እፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ቧንቧ ሲከፍቱት እየተነነ የሚወርድ ውኃ ለእኛ ከሹመት አያንስም ነበር። ባለቤቴ የቦይለሩን የታችኛ ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ሙቀቱን የሚወስነውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ምልክት አዞረው።

«ከሆነ አይቀር ደህና አድርጎ ይፍላ» አለኝ። «በጣም የፈላ ውኃ ትንሹ ለብዙ ይበቃል። በቀዝቃዛ እየደባለቁ መታጠብ ነው።»

ነገሩ ልክ ነበር። ለደብረ ብርሃን ልክ ነበር። ያለነው አሰብ መሆኑን ግን ከሁለታችን ያስታወሰ አልነበረም። ሰው ያደገበትን ብርድ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞራል።

የቤታችን ውኃ ጣራ ላይ ካለ ትልቅ የብረት በርሜል ነው የሚወርደው። ከበርሜሉ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቦይለሩ ገብቶ ቀይ ነጥብ ባለው ቧንቧ ይወጣል፤ ሌላው በቀጥታ ሰማያዊ ነጥብ ወዳለው ቧንቧ ይወርዳል። ቀዩ ሙቅ፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ ይባላል። ባለቤቴ በወደቡ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ማታ ማታ የመርከብ ቅባት ከእጁ የሚያስለቅቀው በቀዩ ነው። እኔ ከዕቃ ማጠቢያ በቀር ብዙም አልነካውም ነበር። አሰብ ላይ ሙቅ ውኃ የሚፈልግ ጤነኛ ሰው የለም።

በተከታዩ ዓመት እግዚአብሔር ጎበኘኝና አረገዝኩ።

በእኛ ወግ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። የእኔ እናት ልጅ ሳለሁ አርፋለች። የምሄድበት ስላልነበረኝ አማቴ ወደ እኔ መጡ። ያየኋቸው በሠርጌ ብቻ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የማይስቁ ሴት እንደሆኑ ነበር የማስታውሳቸው። መምጣታቸውን ስሰማ ደስም አለኝ፤ ፈራሁም።

የመጡት ቡና ጭኖ ወደ ወደቡ በሚወርድ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ በራችን ላይ አቁሞ፣ እሳቸውን ደግፎ ሲያወርድ ባለቤቴን ገና ከሩቅ ጠራው።

«ጌታው፣ እናትህን ተረከበኝ! ከባቲ ጀምሮ ዘፈን አስቁመውኝ ዳዊት እያስደገሙኝ ነው የመጣሁት።»

«ያን ሁሉ ቁልቁለት በዘፈን ልትወርደው ነበር?» አሉት አማቴ፣ ነጠላቸውን እያራገፉ።

«እመቤቴ፣ በሚቀጥለው ስመጣ ዲያቆን ሆኜ ነው የምመጣ።»

«ድምፅህ አይሆንም። መኪናህን ንዳ።»

ያመጡልኝን ቅቤ በቅል ነበር የያዙት። በረሃው ላይ ቀልጦ ግማሹ በቡናው ጆንያ ላይ ፈሷል። ለልጃቸው አሳዩት። «አገርህ ቅቤዬን ጠጣብኝ» አሉት። እኔ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተይ። አሁን ሁለት ነሽ። ሁለት ሰው ለአንድ ሰው አይሰግድም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወጥ ቤቴ የእሳቸው ሆነ። ጊዜው የሐዋርያት ጾም ነበር። በዚያ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ሲሠሩ አይናገሩም፤ ሲናገሩ አይደግሙም። እኔ እናት ሳይኖረኝ ነው ያደግሁት። ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው ፍቅር እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ ቀን የሚንተከተክ ድስት ከቡታጋዙ ላይ በባዶ እጃቸው አንሥተው እስከ ጠረጴዛው ሲያመጡ አየሁና ደነገጥኩ።

«እማማ፣ ጨርቅ ላምጣ!»

«ለምን? ጨርቁ ይቆሽሻል።»

መዳፋቸውን ያኔ አየሁት። ዕድሜ ልካቸውን እሳት አጠገብ የሠራ መዳፍ ነው። እንደ ደረቀ ቆዳ ወፍሯል፤ የጣቶቹ ጫፍ ያንጸባርቃል።

ልጄ በሰላም ተወለደ። ወንድ ነው። አማቴ እልልታውን ብቻቸውን ጀመሩት፤ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ ሆና ተቀበለቻቸው። ጎረቤቴ የአስመራ ልጅ ናት። አሰብ የገባችው ከእኛ ብዙ ቀድማ ነው። ጨዋታዋ አያልቅም፤ እጇም ባዶ አይመጣም።

ከወሊዱ በኋላ አማቴ መጀመሪያ ያደረጉት መስኮቶቹን መዝጋት ነው። በእኛ አገር አራስ ብርድ ይመታታል። ንፋስ አይነካትም፤ ቀዝቃዛ ውኃ አትነካም። ሕፃኑም እንዲሁ። ሰኔ ነው፤ አሰብ ነው፤ መስኮት ዘግተን ሦስታችንም በላብ ተጠመቅን። ጎረቤቴ ገብታ በሩ ላይ ቀረች።

«እማማ፣ ይህ ምንድነው?»

«አራስ ናት። ብርድ አለ።»

«ኧረ እማማ! እዚህ አገር ብርድ ቢመጣ ከበሮ ይዘን ነው የምንቀበለው!»

«ብርድ ሳያስታውቅ ነው የሚገባ» አሉ አማቴ። መስኮቱም እንደተዘጋ ቀረ።

ሕፃኑን የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ ማለዳ ነበር የሚያጥቡት። ያኔ ውኃው ደህና ነበር መሰለኝ፤ ልጄ አያለቅስም ነበር። ቆይተው ግን ሰዓቱን ወደ እኩለ ቀን አዛወሩት። ደብረ ብርሃን ላይ ሕፃን የሚታጠበው ፀሐይ ስትጠና፣ ቤቱም ውጭውም ሲሞቅ ነው። ቀትር ላይ የታጠበ ልጅ አይበርደውም። የእናታቸውም የአያታቸውም ሥርዓት ይኸው ነው። ሳፋውን ባኞ ቤት ያስቀምጣሉ፣ ቀዩን ቧንቧ ይከፍታሉ፣ ለማብረድ ሰማያዊውን ይጨምራሉ፣ መዳፋቸውን ያስገባሉ። «ለብ ብሏል» ይላሉ። ከዚያ በስመ አብ ብለው ልጁን ያስገቡታል።

ልጄ መጮህ ጀመረ። የለመድነው ዓይነት ልቅሶ አይደለም።

«ያልቅስ» ይላሉ አማቴ። «ሳንባው ይሰፋል።»

ከታጠበ በኋላ እግሩና ቂጡ ይቀላል። አሰብ ላይ ደግሞ የማይቀላ ሰው የለም። እኔም አንገቴ ላይ የሙቀት ሽፍታ ነበረኝ፤ ባለቤቴም ነበረው። ከሽፍታው ይሆናል አልን። ማታ ላይ ሲቀልል ተመስገን እንላለን፤ በማግሥቱ ቀትር ይመለሳል። የቆዳው ነገር በልቤ ገባ። ወደ እመቤታችን መጸለይ ጀመርኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን አላወቅሁም ነበር፤ ከምን እንደምታድንልኝ አላወቅሁማ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሲታጠብ ልይ ብዬ ከአልጋዬ ወርጄ ባኞ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴም በዚያው ሰዓት መረቅ ይዛልኝ መጣች። ልጄ ወገቡ ድረስ ሳፋው ውስጥ ሆኖ ይጮሃል። አማቴ በአንድ እጃቸው ጀርባውን ይዘው በሌላው ያፈሱለታል። ጎረቤቴ ሳህኑን ለእኔ ሰጥታ ልታግዛቸው ጎንበስ አለችና እጇን ውኃው ውስጥ ሰደደች። ወዲያው መልሳ አወጣችው።

«ወይ ኣነ!»

«ምን ነካሽ?» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ ይህ ውኃ ነው ወይስ ሻይ?»

«ለብ ያለ ነው።»

«ለማን?» አለች።

አማቴ ልጁን ከውኃው ብድግ አደረጉት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው አገላብጠው አዩት። ከወገቡ በላይ ነጭ ነው። ከወገቡ በታች ቀይ ነው። በመካከል፣ ውኃው በደረሰበት ልክ፣ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ወጥ እስከሞላበት ድረስ ምልክት የቀረበት ድስት ይመስላል።

መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። እንደገና መዳፋቸውን ሳፋው ውስጥ አስገቡ፤ አወጡ፤ አዩት። ከዚያ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ይህ ሽፍታ አይደለም። ይህ የእኔ እጅ ነው።»

ልጁን ለእኔ ሰጡኝ። ጎረቤቴ ከመጠጥ እንስራው ቀዝቃዛ ውኃ ቀድታ ንጹሕ ጨርቅ ነከረችና ቀስ እያለች እግሩ ላይ አኖረችለት። ጩኸቱ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶው ወደ ስቅታ ወረደ። ቆዳው አልተነሣም፤ ውኃም አልቋጠረም። እግዚአብሔር ጠብቆታል። አማቴ ግን ሳፋው አጠገብ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ።

ባለቤቴ ለምሳ የገባው በዚህ መሐል ነው። የሆነውን ነገርነው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ መጀመሪያ ግን ለእናቱ ነው የተከራከረው።

«እማዬ ስንት ልጅ አሳድጋለች! እሷ ልጅ ማጠብ ይጠፋታል?»

«ያን ጊዜ እጄ እጅ ነበር» አሉት። «አሁን ዝም በልና መልስልኝ። ያን ማፍያ ማነው የሚያዘው?»

«እኔ ነኝ ያዞርኩት።»

«እስከ ምን?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ለምን?»

«ቁጠባ ነው፣ እማዬ። በጣም ከፈላ በቀዝቃዛ እየደባለቅን…»

«ቀዝቃዛው የታለ?»

«ይኸው፣ ሰማያዊው።»

«በል ክፈተውና እጅህን ስጠው።»

ባለቤቴ ሰማያዊውን ከፈተና እጁን ከሥሩ ዘረጋ። ቀትር ነው፤ የጣራው በርሜል ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ ውሏል። እጁን መንጭቆ አራገበው። ጎረቤቴ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ጌታዬ፣ ቀዝቃዛው አቃጠለዎት?»

እሱም ሳቀ። እኔም ልጄን እንዳቀፍኩ ሳቅሁ። ነገሩ ያኔ ተገለጠልን። ደብረ ብርሃን ላይ ሙቁን በቀዝቃዛ ማብረድ ይቻላል፤ አሰብ ላይ በቀትር ሁለቱም ቧንቧ ሙቅ ነው። እሳት በእሳት ላይ ነበር ስንጨምር የቆየነው። ሙቀቱ ሳፋው ውስጥ ሊታረም አይችልም፤ ከመነሻው፣ ከቦይለሩ ላይ መታረም አለበት።

ባለቤቴ ካቻቢቴውን አመጣ።

«ግማሽ ላይ ላድርገው?»

«የማን ግማሽ?» አሉት እናቱ። «የአንተ ነው የሕፃኑ?»

ጎረቤቴ ናት መላውን የሰጠችን። አሰብ የከረመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው አለች። ቦይለሩን እሷ ስካልዳባኞ ነው የምትለው።

«ስካልዳባኞውን በሙቀት ወራት አናበራውም። ጠፍቶ ሲቀመጥ እኮ ጥላ ውስጥ ያለ እንስራ ነው። ወፍራም ልብስ አለው፤ ፀሐይ አያየውም። ማታ ከጣራው የሚወርደውን ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይይዝና ቀኑን ሙሉ እንደያዘ ይውላል። ቀትር ላይ ቀዝቃዛ የምትቀዱት ከቀዩ ነው። ሙቅ ካስፈለጋችሁ ሰማያዊው አለላችሁ፤ ፀሐይ በነጻ አፍልቶላችኋል።»

«ቀዩ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊው ሙቅ?» አለ ባለቤቴ።

«አሰብ ነው፣ ጌታዬ። ደህና መጡ።»

ሁላችንም አማቴን አየናቸው። ባለቤቴ ሊያጠፋው ቢፈልግም እጁ አልሄደለትም። አራስ ቤት ውስጥ ሙቅ ውኃ ማጥፋት ለእሳቸው ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን አላውቅም ነበር። የነገሩኝ ያኔ ነው።

«ከእሱ በፊት አንዲት ነበረችኝ» አሉ፣ ልጃቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ብርድ ገባባት። በጥቅምት ነው። አንድ ሌሊት ነው የታመመችው።»

ስለ መስኮቶቹ፣ ስለ ቀትሩ፣ ስለ ፍል ውኃው ያልገባኝን ሁሉ ያኔ ተረዳሁ። እኚህ ሴት ልጄን ከሚያውቁት ጠላት ሲጠብቁ ነበር የከረሙት። ጠላቱ ግን በዚህ አገር አልነበረም።

ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ አማተቡ። ወደ ግድግዳው ሄደው ማብሪያውን በዚያው በወፈረ ጣታቸው ተጫኑት። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

«በል» አሉ፤ ለማን እንደተናገሩ አላወቅሁም። «አደራህን።»

ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገብተው መስኮቱን ከፈቱት።

ብዙ ሰው ተሳስቶ አውቃለሁ። እኔም ስሳሳት ኖሬያለሁ። ሰው ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ወይ ይቆጣል ወይ ይሸሻል። አማቴ አልተቆጡም፤ አልሸሹም። በማግሥቱም ልጁን አጥበዋል። ሳፋውን እንደ ቀድሞው አስቀመጡ፤ ከቀዩ ቧንቧ ቀዱ፤ ከሰማያዊው ትንሽ ጨመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነይ። ክርንሽን አስገቢ።»

«እኔ?»

«እናቱ ማነው?»

እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን ውኃው ውስጥ አስገባሁ። እጅ ይለምዳል፤ ክርን አይለምድም። የክርን ቆዳ ውስጡ ስስ ነው፤ ሙቀት አይደብቅም። ውኃው የራሴ ሰውነት ያህል ነበር፤ አልሞቀኝም፤ አልበረደኝም።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እማማ።»

«ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ይገባል አይገባም?»

«ይገባል።»

በስመ አብ ብለው አስገቡት። ልጄ እግሩን ዘረጋ፤ ውኃውን መታው፤ ፊታቸው ላይ ረጨው። ልቅሶ የለም። አማቴ ከፊታቸው ላይ ውኃውን አልጠረጉም።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ያለ እኔ ክርን አላጠቡትም። ወጥ ቤት ብሆን ይጠሩኛል፤ ብተኛ ይጠብቁኛል። እኔ እናት ለመሆን ያፈርኩ፣ ያልደፈርኩ ልጅ ነበርኩ። እኚያ ስንት ልጅ ያሳደጉ ሴት በየቀኑ «ይገባል ወይ?» ብለው እየጠየቁኝ እናት አደረጉኝ።

ስለ ቦይለሩ የቀረውን እዚሁ ልጨርስ። እስከ ጥቅምት ማለቂያ አልበራም። ኅዳር ላይ ማለዳው ቀዝቀዝ ሲል አበራነው፤ ማዞሪያውን ግን ባለቤቴ ከታች ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ ከቀዩ ብቻ የተቀዳ ውኃ ያለ ምንም ድብልቅ የእኔ ክርን በሚችለው ላይ አቆመው። ማንም ቢከፍተው፣ ሕፃን እንኳ ቢከፍተው የማያቃጥል ይሁን ብለን። ጎረቤቴ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረችልን። ለብ ያለ ውኃ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ከቆየ ይበላሻል፤ ስለዚህ አንዳንዴ ደህና አድርጋችሁ አፍሉትና አፍስሱት፤ ያን ቀን ልጅ ባኞ ቤት አይግባ አለችን። ቅዳሜ ማታ ልጁ ሲተኛ እናፈላው ነበር። በዚያ ቤት እስከቆየንበት ጊዜ ድረስ እንዲሁ ኖርን፤ እግዚአብሔር ተጨማሪ ልጆችም ሰጠን፤ ማንም አልተቃጠለም። ተመስገን።

ልጄ አርባ ቀኑ ሲደርስ ሐምሌ ገብቶ ነበር። አሰብን በሐምሌ ለማያውቅ ሰው መንገር ያስቸግራል። በዋዜማው አማቴ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመለሱ። ገጽታቸው ተለውጧል።

«የክርስትናው ውኃ ከግቢው በርሜል ነው የሚቀዳ» አሉኝ። «በርሜሉ ሜዳ ላይ ነው። ዲያቆኑን ክርንህን አስገባ አልኩት፤ ሳቀብኝ።»

«አስገባ?»

«አስገባ። መሳቁን ተወ።»

ያን ማታ ከጠፋው ቦይለር ውኃ ቀዱ። በእንስራ ሞልተው፣ እንስራውን እርጥብ ጆንያ አልብሰው፣ የባሕሩ ንፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር አኖሩት። ብርድ ይገባል ብለው ሲዘጉት የነበረው መስኮት ነው። በንጋት ባለቤቴ እንስራውን ተሸከመ፤ እኔ ልጄን ታቀፍኩ፤ ጎረቤቴ ነጭ ለብሳ ተከተለችን።

ክርስትና ቤቱ በር ላይ ቄሱ እንስራውን አይተው ቆሙ።

«እናቴ፣ ውኃ እኮ እዚህ አለ።»

አማቴ ካህን ፊት ቀና ብለው የሚናገሩ ሴት አልነበሩም። ያን ቀን ግን ተናገሩ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ። የእናንተን ውኃ ፀሐይ አግኝቶታል።»

«እኔንስ ፀሐይ አላገኘኝም? ምን ሆንኩ?»

«እርስዎ አርባ ቀንዎ ነው?»

ዲያቆኑ አፉን በእጁ ያዘ። ቄሱም ሳቁ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን መጀመሪያ በገንዳው፣ ከዚያ በእንስራው ሰደዱ። በእንስራው ውስጥ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ዲያቆኑን ገንዳውን አስደፍተው፣ የእኛን ውኃ አስገልብጠው ጸሎቱን ጀመሩ።

ልጄን ከጨርቁ ስፈታው አማቴ አጠገቤ ነበሩ። ወገቡን አዩ፤ ጭኑን አዩ፤ ተረከዙን ሳይቀር አዩ። መስመር የለም። እንደተወለደ ነው። ለቄሱ አቀበልኩት። በአብ ስም አሉ፤ ልጄ ትንፋሹን ሳበ። በወልድ አሉ፤ እጆቹን ወደ ላይ ወረወረ። በመንፈስ ቅዱስ ሲሉ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሰውነቱ ሁሉ ተኮማተረ፤ ቤቱን የሞላ ልቅሶ አለቀሰ።

ደንግጬ ወደ አማቴ ዞርኩ። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ነበር። እንባ በፊታቸው ይወርዳል፤ ግን እየሳቁ ነው።

«በረደው!» አሉ። «ልጄ በረደው፣ ተመስገን!»